በጠመኔ የተሳለው የዶሮ እግር

ባለፈው እሑድ ከገበያ ስመለስ ልጄ ሳሎኑ መሀል በአንድ እግሯ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ስትወዛወዝ ደረስኩባት። ስልኩ ሰው ሳይወድቅ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም ይቆጥራል አሉ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ የሽንኩርቱን ዘንቢል ጣል አድርጌ፣ ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ተገተርኩ። እሷ ስትወድቅ እኔ ገና ቆሜያለሁ! «እማ፣ የት ተማርሽው?» አለችኝ በግርምት። የት ተማርሽው ትለኛለች እንዴ! ልጅት፣ አንቺ የቆምሽው ምንጣፍ ላይ ነው፤ እኔ የቆምኩት መንዝ፣ ሞላሌ ነው።

ጊዜው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደየክፍሉ የገባ ሰሞን ነው። አሥረኛ ክፍል ብንባልም ትምህርት የጀመርነው ዘግይተን ስለነበር አብዛኞቻችን አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላን፣ በየቀኑ ዳገት ወጥተን ቁልቁለት ወርደን የምንማር፣ ጉልበታችንን የምናደርግበት ያጣን ወጣቶች ነበርን። በዚያ ዓመት ቲቸር ደረጀ የሚባል የስፖርት መምህር መጣልን፤ ገና ከኮሌጅ የወጣ፣ ቀጭን፣ የመንዝ ብርድ አፍንጫውን ያቀላው፣ የጃኬቱን አንገትጌ እስከ ጆሮው የሚስብ ልጅ እግር። ብርድ አይችልም እንጂ በሥራው እሳት ነበር። አንድ ቀን ወንበሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ አስጠጋና ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሦስት መስመሮች አሰመረ፤ አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ግራና ቀኝ። እኛ ወዲያው «የዶሮ እግር» አልነው።

ፈተናው እንዲህ ነው፦ በአንድ እግር ነጥቡ ላይ መቆም፣ እጅን ወገብ ላይ ማድረግ፣ ከዚያ በሌላው እግር ጣት መስመሩን ተከትሎ እስከቻሉት ድረስ መዘርጋትና ሳይወድቁ መመለስ። ሲያዩት ቀላል ነው። ጉልበተኛ ነኝ ባዩ ጌታነህ «ይቺማ የሴት ጨዋታ ናት» ብሎ ቀድሞ ወጣና ገና ሁለተኛው መስመር ላይ እንደ ጎታ ተገለበጠ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ደረጀ ሳቃችንን ካስቆመ በኋላ ነው ዋናውን ነገር የነገረን፤ ሚዛን በመጠበቅ አንደኛ የሚወጡት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለዞኑ የተማሪዎች ውድድር ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ።

ደብረ ብርሃን! እኔ እስከዚያ ዕድሜዬ አውቶቡስ ሲያልፍ አቧራውን እንጂ ውስጡን የማላውቅ ልጅ፣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት እግር ያለኝ መሆኑን ረሳሁት። በድንጋይ ካብ ላይ በአንድ እግር፣ ውኃ ስጠብቅ በአንድ እግር፣ ሰሃን ሳጥብ በአንድ እግር። ከጓደኛዬ ከዘነበች ጋርማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ነጠላችንን እስከ ቁርጭምጭሚት ለቀን አንድ እግራችንን ከውስጥ እናነሣ ነበር፤ አንድ እሑድ እሷ ተንገዳግዳ አንዲት ባልቴት ላይ እስክትወድቅ ድረስ ማንም አላወቀብንም።

በመጨረሻ ከሴቶቹ የቀረነው እኔና ዘነበች ነን። የመለያው ዕለት የገበያ ቀን ነበር፤ ገበያው ደግሞ ከክፍላችን መስኮት ሥር ነው፤ እኔ ከጉጉቴ ብዛት ቁርስ ሳልቀምስ ነው የወጣሁት። ቲቸር ደረጀ ከገበያው ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሶ መጣና «እግሩ የረዘመ ሩቅ ቢደርስ ጉብዝናው የእሱ አይደለም፤ የእግሩ ነው። የደረሳችሁበትን ለእግራችሁ ርዝመት አካፍላለሁ» አለን። ዘነበች ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ ተለካች። ቀጥሎ እኔ ወጣሁ። ከሀፍረቴ የተነሣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ቀጥ ብዬ ተኛሁ። ዘነበች የሜትሩን ጫፍ ዳሌዬ ላይ ያዘችለት፤ እሱ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ሳበው።

እማዬ በሩን የከፈተችው ይኼኔ ነው። ገበያ ልትወጣ ስትል ቁርስ አለመብላቴን ሰምታ የገብስ ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር የመጣችው።

በእኛ አገር ተጋድሞ የሚለካ ሬሳ ብቻ ነው፤ መቃብር ቆፋሪዎች በእንጨት ለክተው ይሄዳሉ። «ኡ ኡ ኡ! ልጄን! ልጄን!» የሚለው ጩኸቷ ገበያውን አናወጠው፤ ቆሎው ተበተነ፣ መስኮቱ በሰው ጭንቅላት ተሞላ። ሜትሩን ከእጁ መንጭቃ «አንተ ሰው፣ ቀለም አስቆጥርልኝ ብዬ ሰጠሁህ እንጂ ለመቃብር ለክተህ አስቀምጥልኝ አልኩህ?» አለችው። እሱ ምስኪን «እናቴ፣ ይስሙኝ» ይላል፤ ማን ሊሰማው! እጄን ይዛ «ነይ ውጪ፣ ደብረ ብርሃን ብሎ ነገር የለም» ስትል እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ለያዥ ለገናዥ አስቸገርኩ። «እማዬ፣ ካልሄድኩ እሞታለሁ!» አልኩ። ለዚያ ቀን የሚሆን ቃል አልነበረም። «አታሟርቺ!» ብላ አፌን በእጇ ከደነችው።

ከዚያ እንባዬን አየች፣ ጠመኔውን አየች፣ ሜትሩን አየች። ምን እንዳሰበች ሳናውቅ ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወጣችና ልክ እንደ እኔ ቀጥ ብላ ተኛች።

«በል እንግዲህ፣ መጀመሪያ እኔን ለካ። ደብተርህ ላይም ከእሷ በላይ ጻፈኝ። ሞት በዚህ ከመጣ ተራውን ጠብቆ ይምጣ» አለችው።

ማንም አልሳቀም። ጌታነህ እንኳ አልሳቀም። ቲቸር ደረጀ ከዳሌዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለካት፤ ስሟን ከስሜ በላይ ጻፈ፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ መጻፉን አየች። ከዚያ ወርዳ እኔን በገዛ እጇ አስተኛችኝ።

ዘነበች ቀድማ ሳትወድቅ ዘርግታ ወጣች፤ ቀጥዬ እኔ ወደ ዶሮ እግሩ ገባሁ። ወደ ፊት ዘረጋሁ፣ ተመለስኩ። ወደ ኋላ ስዘረጋ ሰውነቴ ወደ ጎን አዘነበለ፤ ከመስኮቱ ውጪ ያለው ገበያተኛ ሁሉ «እህ!» አለ። እማዬ «ጠበቅ! ጠበቅ አርጊ ልጄ!» እያለች ከእኔ ጋር ታዘነብላለች። ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ። ቲቸር ደረጀ ሲያካፍል፣ ሲሠርዝ፣ ደግሞ ሲያካፍል ቆየና ስሜን ጠራ። ከዘነበች የበለጥኩት ከነጥብ በኋላ ባለች አንዲት ቁጥር ነው፤ ቢሆንም በለጥኩ! እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ደብረ ብርሃን ሄጄ አራተኛ ወጣሁ፤ ከስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ። እማዬ ግን ለገበያው ሁሉ «አንደኛ ወጣች» ብላ አውርታልኛለች።

ያ ጉልበት ዛሬ የለም፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮሃል። ዘነበችን ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። እማዬ ካረፈች ግን ሰባት ዓመቷ ነው፤ መቃብር ቆፋሪው እንጨቱን ይዞ ሲገባ ራስጌዋ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ለካትም። እንዳለችው ተራዋን ጠብቃ፣ ከእኔ ቀድማ ሄደች። አሁን ከስሜ በላይ የተጻፈ ሰው የለም።