ለሀያት ያልነገርኳት ደብተር

ዜናው የደረሰኝ ዙሁር ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ነው። ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጥቷል። የባጃጅ ጩኸት ይሰማል፤ ከላዩ የወጣት ሴት ለቅሶ። «አዳዳ፣ ሩቅያ ነኝ፣ ከሀያት ጋር ቤት የተከራየሁት። ሀያትን ሆዷን አሟታል። መቆም አቅቷታል። ወደ ሆስፒታል እየወሰድናት ነው።»

ሀያት የወንድሜ የእንድሪስ ልጅ ናት። ቤታቸው ሰንበቴ ነው፤ እሷ ከሚሴ ኮሌጅ ትማራለች። እኔን አክስቷን በኦሮምኛችን አዳዳ ትለኛለች፤ ሰምታ ጓደኛዋም አዳዳ አለችኝ። እኔ ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። ልጅ አልወለድኩም፤ የትምህርቷን ወጪ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ልጅ ኮሌጅ ልካችሁ በሩቅ ለምትጨነቁ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ከሁለት ቀን በፊት ነበር። መጀመሪያ እምብርቷ አካባቢ። ከዚያ ወደ ቀኝ ወረደ። አስመለሳት። አተኮሳት። «ጨጓራዬ ነው» ብላ ማስታገሻ ዋጠች። ሩቅያ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላት «አሥራ ስምንት ሞልቶኛል እኮ፤ ከአባዬ የጤና መድን ደብተር ወጥቻለሁ። በሬውን ልታሸጪው ነው?» አለቻት።

ደብተሩ ላይ ነበረች። እኔ ነኝ ያልነገርኳት።

ኮሌጅ ስትገባ መድን የመረጥኩላት እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን የአንድ ኩባንያ መድን ነገረኝ። የሚያክሙበትን የሆስፒታሎች ዝርዝር አስልኬ ሳየው፣ ለከሚሴ የሚቀርብ አንድም የለበትም። ስለዚህ የማኅበረሰብ አቀፉን መረጥኩ፣ ወንድሜ በቀበሌው በኩል የገባበትን። የደብተሩን ገጽ በፎቶ አስላክሁ። የሀያት ስም የለም። ስደውልለት ሳቀብኝ።

«አንቺ ደግሞ! ሳታገባ ወዴት ትሄዳለች? የቤቴ ሰው ናት።»

በቅሬያችን፣ በመንደራችን መረዳጃ ዕድር፣ እውነቱን ነው፤ ለለቅሶም ለሕመምም ስንጠራራ ያላገባች ልጅ በአባቷ ቤት ነው የምትቆጠረው። «መድኑ ቅሬ አይደለም፣ እንድሬ» አልኩት። «እሱ ዕድሜ ነው የሚቆጥር።»

«እሺ፣ ጠበቃዬ!» ብሎ ሄዶ አስጨመራት። ፎቶ ሲጠይቁት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጊዜ የተነሳችውን ሰጠ። የቀበሌው ባለሙያም ወትሮ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር እንደሆነ፣ ድንገተኛ ከሆነ ግን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ እንደምትችል ነገረው። ይህንንም ጠይቅ ያልኩት እኔ ነኝ። መድን መግባት ከተወኩል፣ በአላህ ከመመካት፣ ያወጣል ወይ ብዬ ኡስታዝ ሳይቀር ጠይቄአለሁ፤ ሰበብ ማድረስ ነው፣ የሰውን ድርሻ መወጣት ነው አሉኝ።

ይህን ሁሉ ስጠይቅ ለሀያት አልነገርኳትም። ለጤነኛ ልጅ የሆስፒታል ወሬ ማውራት ሟርት መሰለኝ። እንድሪስንም «አፍህን ያዝ» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ሩቅያ ስትደውልለት ሰንበቴ የከብት ገበያ መሀል ነበር። «ደብተሩ ላይ አለች! ውሰጃት! ውሰጃት!» እያለ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው አሉ። በሬዎቹን ለጎረቤት ትቶ፣ ደብተሩን ከቤት ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ።

ሐኪሙ ደብተሩን አልጠበቀም። አልትራሳውንድ አነሳት። እንድሪስ ሲደርስ «ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል» አለው። «መግሉ ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል። ፔሪቶናይትስ ነው። አሁኑኑ ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል።»

«ትድናለች?»

«ዘግይታ ነው የመጣች። የምንችለውን እናደርጋለን።»

አስገቧት። የዐስር ሶላት ደረሰ። አልወጣችም። ሰገድኩ። የቀራሁት ሱራ ጠፋብኝ። ስልኩ ዝም አለ። ሁለት ቀን አልኩ። ሁለት ቀን በኔ ዝምታ።

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል እንድሪስ ደወለ። «ወጥታለች። እየተነፈሰች ነው።» ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ግንባሬን ደፍቼ ሱጁድ ወረድኩ።

አስተኝተው መዝገብ ሲሞሉ ጸሐፊዋ ደብተሩ ላይ ያለውን ፎቶ አይታ «ይቺ ሕፃን ናት እኮ!» አለችው፤ እንድሪስም «ለኔ አሁንም ያችው ናት» አላት። የሆነውን ሁሉ ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው የልጄን ሆድ ከፍቶ አጥቦ ሰፋው፣ በጎኗ ባስገቡት ቱቦ መግሉ በየቀኑ እየቀነሰ ወጣ፣ አንቲባዮቲኩ በደም ሥሯ ገብቶ ትኩሳቷን አበረደው፣ በአራተኛው ቀን ደግሞ ሐኪሙ ሆዷን አዳምጦ «ጋዝ ወጣ?» ሲላት፣ እሷ በሻሿ ፊቷን ሸፍና በአዎንታ አንገቷን ስትነቀንቅ፣ የክፍሉ ሕመምተኛ በሙሉ አልሐምዱሊላህ አለ። ማንም ያላዘዘው አንጀት በራሱ ጊዜ ሥራውን ጀመረ። ሱብሐነላህ! ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተሸክሜው ስዞር አንድ ቀን አመስግኜበት አላውቅም።

አሁን ትምህርቷን ቀጥላለች። ገና አልጋ ላይ ሳለች በቪዲዮ ደውዬ እውነቱን ስነግራት ቁስሏን በእጇ ደግፋ ሳቀች፤ «አዳዳ፣ ሟርት ፈርተሽ ልትገድይኝ ነበር!» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም።

መድን ስትመርጡ ልጁ ባለበት ከተማ ያክም እንደሆን ጠይቁ፤ አሥራ ስምንት ሲሞላው ስሙ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከሁሉ በፊት ግን ለልጁ ንገሩት። የደብተሩን ገጽ በስልኩ ይያዘው።

ሐኪሙን፣ ነርሶቹን፣ ገንዘብ አልቀበልም ያለውን የባጃጅ ሹፌር አላህ ይጠብቃቸው። አንቺን ሩቅያዬን፣ ያቺን ግቢ የተከራያችሁትንም ሁላችሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሀያት በነዚያ ሁለት ቀናት ምን ትል እንደነበር፣ ሲብስባት ማንን ትጠራ እንደነበር ስጠይቃት «ረሳሁት» ትለኛለች። አገር ቤት ስመጣ ታማ የተኛችበትን ክፍል አሳዩኝ፣ አስቀምጡኝና አንድም ሳታስቀሩ ንገሩኝ። አዳዳ ታዝናለች ብላችሁ ዝም እንዳትሉኝ።