ሉሉ ወደ ቤት የገባች ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ዓረብ አገር፣ ናባዓ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ጎረቤቱ ሁሉ ሲራገም እኔ ትራሴን ይዤ እትዬ ዘሀራ ጉያ ውስጥ እገባለሁ፤ መብራት ጠፋ ማለት ተረት ተጀመረ ማለት ነበራ! እትዬ ዘሀራ የወሎ ሴት ናት፤ ቀን ቀን የሰው ቤት በሰዓት እያጸዳች፣ ማታ ማታ እኔን ታሳድግ ነበር። እናቴ ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ፣ አሠሪዋ ማዳሟ ቤት ስለምታድር የማገኛት እሑድ ብቻ ነው፤ እሱንም ማዳሟ ደስ ካላት።

ያኔ እትዬ ዘሀራ በቆርቆሮ ላይ ከሰል አቀጣጥላ፣ የዓረቡን ቂጣ፣ ኹብዙን፣ ፍሙ ላይ እያገላበጠች፣ የሻማው ብርሃን አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ የዝሆን ኩምቢ እያሳከለው፣ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ትነግረኛለች። ከሁሉ የምወደው ጅብ የወሰዳትን ልጅ ተረት ነበር። ልጅቷ ከጅቡ አምልጣ ዋሻ ውስጥ ትደበቃለች፤ መንደርተኛው ዱላና ችቦ ይዞ እየጮኸ ሲፈልጋት ፈርታ ይብሱን ወደ ውስጥ ትሸሻለች፤ በመጨረሻ እናቷ ብቻዋን መጥታ፣ ዋሻው አፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁልጊዜ ለራት እንደምትጠራት አድርጋ ስትጠራት ትወጣለች። እዚህ ላይ አለቅሳለሁ። «ወጣች እኮ፣ አንቺ ልጅ! ምን ያስለቅስሻል?» ትለኝና፣ በጭሱ አሳብባ እሷም ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሉሉ ከጎናችን የሽቦ ቤቷ ውስጥ ሆና ታዳምጣለች። መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ ወፍ ነበረች። የእናቴ ማዳም ገዝታት ስትሰለቻት «ያላ፣ በይ ውሰጃት» አለቻት፤ እናቴም ለእኔ አመጣችልኝ። በዚያ ቤት አማርኛ የሚሰማ ሰው ስላልነበረ፣ እናቴ ሳህን ስታጥብም ልብስ ስትተኩስም የምታወራው ከሉሉ ጋር ነበር። ቅናቴ አይጣል ነው! የእናቴን ድምፅ ጠዋት ማታ ስትሰማ የኖረችው እሷ ናታ። ግን ደግሞ ሉሉ ቤት ውስጥ ካለች እናቴም ትንሽ ያለች ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሀራ በረንዳው ላይ የሉሉን ውሃ ስትቀይር፣ ለካ የተማሪዎች ውጤት ወጥቶ ኖሮ፣ ሰፈሩ በርችት ተናጋ። ደንግጣ እጇን ከሽቦው በር ላይ ስታነሳ ሉሉ እልም አለች። «ወይኔ! ጉድ ሆንኩ!»

ሽቦ ቤቱን ይዘን ሮጠን ጣሪያው ላይ ወጣን። ሉሉ የጎረቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ የውሃ ታንከሩ ጫፍ ኩርምት ብላለች። ያ ጣሪያ ደግሞ የርግብ አርቢው ነው። የዚህ አገር ርግብ አርቢዎች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ጣሪያዬ ላይ ያረፈ የሰው ወፍ የኔ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ፤ ደም ብታለቅስ አይመልስልህም። ሰውየው ረጅም ዘንግ ላይ ያሰረውን ጨርቅ እያውለበለበ ርግቦቹን ሰማይ ላይ ያዞራቸዋል። እነሱ ሲወርዱ ሉሉም አብራ ቤታቸው መግባቷ ነው።

እትዬ ዘሀራ ያገሯን ዶሮ የምትሰበስብ መሰላት፤ እፍኝ ሙሉ ቡርጉል፣ የዓረቡን ቅንጬ፣ በትና በዶሮ አጠራር ትጣራ ጀመር። ሉሉ ዶሮን የት ታውቃታለች? እኔም መጥረጊያ አንስቼ «ነይ! ነይ!» እያልኩ ስዘል ወደሚቀጥለው ታንከር ራቀችብን። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እያዘቀዘቀች ነበር። እናቴ ራሷ ከቤታችን ጨርሳ የወጣች ያህል ተሰማኝና ሲሚንቶው ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ። እያለቀስኩ ነው የዋሻዋ ልጅ ትዝ ያለችኝ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ እነዚያን ዱላ የያዙትን ሰዎች ሆንን! እማዬ ትጥራት!»

እትዬ ዘሀራ አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ። ማዳሟ ቀን ቀን የእናቴን ስልክ ስለምትቆልፍባት፣ የደወለችው ለራሷ ለማዳሟ ነው። ማንን ፈርታ! «ቦንሷር ማዳም፣ ሲልቩፕሌ፣ አምስት ደቂቃ ያኒ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለቻት ፈረንሳይኛ በተቀላቀለበት ዓረብኛ። ቆይቶ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ልጅሽ ደህና ናት። ሉሉ አምልጣ ነው። ጥሪያት!»

የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ለቃ ሽቦ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ በሩን ከፍቼ ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ትንፍሽ እንዳልል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችብኝ።

«ሉሉዬ» አለች እናቴ። «ነይ እናቴ። መሸ እኮ፣ ነይ ግቢ። ሩዝ አስቀርቼልሻለሁ። ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ እሺ?»

እኔን እንዲህ አድርጋ ጠርታኝ አታውቅም። ምን ብላ ትጠራኛለች? እሑድ እሑድ ገና ሳትመጣ ደረጃው ሥር ቆሜ ነው የምጠብቃት።

ርግቦቹ አንድ በአንድ ማረፍ ጀምረዋል። ሉሉ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ብድግ አለች፤ የተሰጣ ልብስ ላይ አፍታ ቆየችና እየተንጫጫች ድምፁን ተከትላ ገባች። በሩን ዘጋሁት።

«ገባች?» አለች እናቴ።

«ገባችልሽ!» እትዬ ዘሀራ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ከወዲያ «ያላ፣ ኸላስ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ። እኔ ወፏን ላለማስደንገጥ ትንፋሼን እንደዋጥኩ፣ እማዬ እንኳ ሳልላት ቀረሁ። ሉሉ የስልኩን መስታወት በአፏ እየነካካች ትጠብቃለች። እኔም ከሽቦው ውጭ ሆኜ ጠበቅኩ።

ያ ሁሉ ዛሬ አልፏል። እናቴ ሰው ቤት ማደር ትታ፣ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ከእትዬ ዘሀራ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ የቱ ጦጣ የቱን ጅብ እንዳታለለ ይምታታብኛል። አንድ አመል ግን አልለቀቀኝም። ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ እናቴ ራት አቅርባ ከውስጥ «ነይ እናቴ፣ ግቢ» ስትለኝ ዝም እላለሁ።

«ጆሮሽ ተደፈነ እንዴ?» ትለኛለች።

ሰምቻታለሁ። ደግማ እንድትጠራኝ ነው።