ከፈረስና ከደብተር

ዛሬ ጅጋ ገበያ «ኮርቻ እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ አይቼ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ የሞተር ሳይክል መቀመጫ ነው።

(«ሠ»ዋን አለመሳሳቱን ግን አመስግኛለሁ።)

ባለሱቁ ቀና ሲል አወቅሁት። ስምንተኛ ክፍል ያስተማርሁት ደረጀ ነው፤ አባቱ ለጥምቀት ጉግስ የፈረስ ኮርቻ ይሠሩ ነበር።

«የፈረሱስ ኮርቻ?» አልሁት።

«መምህር፣ እሱን ይዘው የሚመጡ እኮ እንደ እርስዎ የሸበቱት ብቻ ናቸው። እነሱም ለጥገና እንጂ አዲስ አያሠሩም። ወጣቱ ሞተር ነው የሚጋልብ። አምናም ጉግስ የወጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዘንድሮ እነሱም መውጣታቸውን እንጃ።»

«አንተስ ያባትህ ልጅ አይደለህም? ለምን አትወጣም?» ብዬ ተቆጣሁ።

ሳቀ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተዉኝ! ለጥምቀት ፈረስ ሳለማምድ ሦስት ቀን ብቀር፣ ‹ከፈረስና ከደብተር አንዱን ምረጥ› አሉኝ። ደብተሩን መረጥሁ።»

እውነቱን ነው። እንዲያውም ለእሱ ብቻ አይደለም ያልሁት፤ ጥር በገባ ቁጥር ለክፍሉ በሙሉ እናገረው ነበር። ሁሉም ታዛዦች ነበሩ።

ያባቱ የመጨረሻ ኮርቻ ጥግ ላይ ተሰቅሏል። «ይሸጣል?» አልሁት።

«የሚጋልብ ከመጣ በነጻ እሰጠዋለሁ» አለኝ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ እናንተንስ ምን አስትቻችሁ ይሆን? ጻፉልኝ። ከመካከላችሁ ዘንድሮ ፈረስ ላይ የሚወጣ ካለ፣ ኮርቻው ጅጋ ነው። እኔም ቀሪ አልለውም።