የወስፌው ወፍራም ድምፅ

የዳገቱን አውቶቡስ ያስመለሰው የምክር ቤቱ ማይክ ከፋች ነው ይባላል። ወሬው እንደሚለው፣ ሰውየው ሚስቱ ከሥራ መልስ እግሯ አብጦ ስትገባ እያየ አንጀቱ ሲያር ከርሞ፣ ፍቅሩን ለማንም ሳይናገር፣ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ለጥያቄ በቀረቡ ዕለት አንዲት ማዞሪያ ብቻ ነክቶ መንግሥትን አንበረከከ። ወሬው የተነሣው ከምክር ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ካፌ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ግን በየቤቱ እያረፈ ወፈረ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ማይክ ከፋቹ ሚኒስትሩን በክራቫታቸው ጎትቶ፣ አውቶቡሱን ራሱ እየነዳ፣ ሚስቱን ከሱቋ በር ላይ አሳፍሯት ነበር።

ለማመን ያስቸግራል። መጀመሪያ ነገር ሰውየው መንጃ ፈቃድ የለውም። ፍቅሩን ለማንም አልተናገረም የተባለው እርግጥ ልክ ነው፤ ለሚስቱም አልተናገረም። በሠርጋቸው ዕለት «ቆንጆ ነሽ» ያላትም ፎቶ አንሺው «ጌታዬ፣ አንድ ነገር በላትና ፈገግ ትበል» እያለ ስለነዘነዘው ነው። መንግሥትን ማንበርከኩን ደግሞ ተዉት፤ ጎረቤቱ በሩ ላይ መኪና ሲያቆምበት በመስኮት የሚወጣ ሰው ነው።

«ጆሮ» ይሉታል። ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከመስታወት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ ደፍቶ ስለሚውል፣ ማዳመጫውን ሲያወልቅ ፀጉሩ መሀል ለመሀል ተጋድሞ የቀረ መንገድ ይታያል፤ እግረኛ ሊሄድበት ይችላል። ሥራው ማይክ መክፈትና መዝጋት ነው። በዚያ አዳራሽ ማይክ በራሱ አይከፈትም። አፈ ጉባኤዋ «የተከበሩ እገሌ» ሲሉ ጆሮ ይጫናል፣ በማይኩ አንገት ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ የተከበሩት እገሌም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አሉ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ዓሣ ናቸው፤ አፋቸው ይከፈታል ይዘጋል እንጂ የመረጣቸው ሕዝብ እንኳ ምን እንዳሉ አያውቅም።

ጥያቄና መልስ ባለበት ቀን ጆሮ ሰዎቹን የሚለያቸው በጉሮሯቸው ነው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ሰዓታቸው የሚያልቅባቸው አሉ። አፈ ጉባኤዋን አመስግነው፣ ሚኒስትሩን አመስግነው፣ ዕድሉን አመስግነው፣ ጥያቄው በምስጋናው መሀል የሚጠፋባቸው አሉ። ሚኒስትሮቹም የራሳቸው ብልሃት አላቸው፤ የተጠየቁትን «በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው» ብለው በክብር ያስቀምጡትና የጎረቤቱን ይመልሳሉ። ስለ አውቶቡስ ሲጠየቁ ስለ ድልድይ፣ ስለ ድልድይ ሲጠየቁ ስለ ወደፊቱ። ጆሮ ይህን ሁሉ እንደ ዝናብ ድምፅ ለምዶታል።

ወስፌው ግን ሌላ ነው። የዳገቱ ሰፈር ተመራጭ ነው። ጥያቄው አጭርና ሹል ስለሆነ ነው ወስፌ ያሉት። «መቼ?» ብሎ ይቀመጣል። «ማን ፈቀደ?» ብሎ ይቀመጣል። ይሄኔ ሚኒስትር የተባለ ሁሉ ውሃ ይጠማዋል። ቁመቱ በር ላይ ያስጎነብሰዋል፤ ትከሻው የራሱን ወንበር ሞልቶ የጎረቤቱን ያማትራል። ይህን ሁሉ አካል ያደለው ፈጣሪ ግን ድምፅ ላይ ሲደርስ እጁ አጠረበት። ወስፌው መጀመሪያ የተናገረ ዕለት ከዚያ ደረት የወጣው ጠርሙስ ውስጥ የገባች ትንኝ ድምፅ ነበር። የፊት ረድፍ ሳቁን በእጁ አፈነ፤ የኋላው ረድፍ ማፈኑንም ተወው።

ጆሮ ያን ዕለት ተናደደ። አዝኖለት እንዳይመስላችሁ። «በእኔ ማሽን ትንኝ አይጮህም» ብሎ ነው። ቤዝ የሚሏትን፣ ድምፅ የምታወፍር ማዞሪያ ወደ ቀኝ አሽከረከራት፤ ቀጭኑን ቆንጠጥ አድርጎ ቀነሰው። ወስፌው ለሁለተኛው ጥያቄ አፉን ሲከፍት ከጣሪያው የወረደው ነጎድጓድ ነበር። ወስፌው ራሱ ማን ተናገረ ብሎ ቀና አለ። ቀስ በቀስ ግን ለመደው። ረጋ ብሎ መናገር፣ በየቃሉ መሀል ማረፍ፣ እጁን ደረቱ ላይ ማድረግ ጀመረ። በመጨረሻም ድምፁ የራሱ መሆኑን ከልቡ አመነ። ጆሮም ቀዩን መብራት ባበራለት ቁጥር ማዞሪያዋን ያሽከረክርለታል፤ ሰው የልጁን የተጣመመ ኮሌታ ሲያቃና እንደሚያደርገው፣ ሳያስበው።

ችግሩ የመጣው አውቶቡሱ ሲቀር ነው። የጆሮ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ «መስመሩን ለማሻሻል» ብሎ አውቶቡሱን ካነሣው ወዲህ በእግሯ ትወጣለች፣ በእግሯ ትወርዳለች። ሱቁ ውስጥ ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ በላይ ቴሌቪዥን አለ። ወስፌው ስለ አውቶቡሱ መጠየቅ የጀመረ ዕለት ማሽኗን አቆመች። ይህች ሴት ማሽኗን ለራሷ ሠርግ እንኳ ያቆመችው በሽማግሌ ነው።

ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ «ድምፁ እኮ» አለች።

«የማን?» አለ ጆሮ።

«የወስፌው ነዋ። ደረት ያለው ሰው ድምፅ። ሲናገር የመርፌ ጣሳዬ ይንቀጠቀጣል።»

«የቴሌቪዥናችሁ ስፒከር ላልቶ ነው።»

«ቀናህ እንዴ?»

«በእሱ? እኔ? ስንቱን ጉሮሮ የማውቅ ሰውዬ።»

«አንተማ እዚያ ቁጭ ብለህ ትውላለህ። እሱ ስለ እግሬ ይጠይቃል። አንተ ስለ እግሬ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ጆሮ በዚያ ሰዓት ማንቆርቆሪያውን ይዞ የቀዘቀዘው ውሃ ላይ ሙቅ እየጨመረላት ነበር። ቀስ ብሎ አፈሰሰና፣ «ያ ድምፅ የእኔ ሥራ ነው» አላት። «እኔ ነኝ የማወፍረው።»

ሚስቱ ውሃው ከሳፋው እስኪፈስ ድረስ ሳቀች። «ፀሐይንስ ጠዋት ጠዋት የምታወጣት አንተ ነህ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ቅናት ቤቱ ገብቶ እንደ ዘመድ ተቀመጠ። ጆሮ እህል አልረጋለት አለ። ሰው በሌላ ሰው መልክ ይቀናል፣ በሀብቱ ይቀናል፤ እሱ የቀናው ግን በገዛ እጁ በሠራው ነገር ነው። ይህን ቅናት ለማን አቤት ይሉታል? መላጨት ሲጀምር መስታወቱ ፊት ቆሞ «መቼ?» ይላል፣ በወፍራም ድምፅ። አይወጣለትም። «ማን ፈቀደ?» ይላል። ሳል ይይዘዋል።

የባሰው ደግሞ አንድ ምሽት መጣ። ጆሮ፣ አለቃው በሰው ሁሉ ፊት እንዳመሰገነው ሊነግራት አፉን ከፈተ። ዜናው ላይ ወስፌው ብቅ አለ። ሚስቱ በአንድ እጇ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ከፍ አደረገች፤ ሁለተኛ እጇን ባሏ አፍ ፊት ዘረጋችና «ቆይ፣ ልስማው» አለች። ጆሮ ቆየ። ዜናው አለቀ፣ ስፖርቱ አለቀ፣ የአየር ሁኔታው አለቀ፤ «ምን ልትለኝ ነበር?» ያለው የለም። ያን ጊዜ ወስፌው ላይ ጥርሱን ነከሰበት።

የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ለጥያቄ የቀረቡበት ቀን ደረሰ። ጆሮ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከጎኑ ደግሞ የካሜራ ባለሙያው ተቀምጠዋል። ከታች ወስፌው ኮቱን ቆለፈ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። የዳገቱ ሱቅ ውስጥ ማሽን መቆሙን ጆሮ ሳያይ አወቀ።

«የተከበሩ የዳገቱ ተመራጭ፣ ጥያቄዎን ያቅርቡ» አሉ አፈ ጉባኤዋ።

ጆሮ ቀዩን መብራት አበራ። ከዚያም ቤዟን ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻዋ አዞራት። ያ አልበቃው ብሎ የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ ትንሽ ከፍ አደረጋት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለ የካሜራ ባለሙያው።

«ካሜራህን ያዝ።»

«ክብርት አፈ ጉባኤ» አለ ወስፌው። ትንኟ ከጠርሙሱ ወጣች። ወስፌው የገዛ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ፤ ማይኩን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ እንደገና ጀመረ። ድንጋጤው ድምፁ ላይ ወጣበት። «እናቶች… ዳገቱን… በእግራቸው…» አለና ቃሉ መሀል ላይ ተሰበረ፤ መጨረሻው እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ ብሎ ቀረ።

ጆሮ ሳቁን ጠበቀ። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ጎረቤቱ ግን በክርኑ ጎሸመው። አንዲት አሮጊት ተመራጭ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱ መሐረብ አወጣ።

«እያለቀሰ ነው እንዴ?» አለ የካሜራ ባለሙያው፤ እጁ እንደ ልማዱ ቀደመውና የወስፌውን ዓይን አቅርቦ ያዘው። የጣሪያው መብራት ዓይኑ ላይ ያብለጨልጫል። አገር ሁሉ እንባ ነው አለ።

ሚኒስትሩ በጣም ተገቢ ጥያቄ መሆኑን ለመግለጽ ፈገግ ብለው ተነሥተው ነበር። ስለ ድልድዩ የሚናገረው ወረቀት በእጃቸው ነው። በድንገት አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ስክሪን አዩ፦ በአንድ በኩል ያ ግዙፍ ሰው እንባ እየተናነቀው፣ በሌላ በኩል የእሳቸው ጥርስ። ፈገግታቸውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። ወረቀቱን አጠፉት።

«አውቶቡሱ ይመለሳል» አሉ።

«የተከበሩ ሚኒስትር፣ መቼ?» አሉ አፈ ጉባኤዋ፣ ባልለመደ አንደበታቸው።

«በዚህ ሳምንት።»

ሚኒስትር የተጠየቀውን ሲመልስ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አይታወቅም። የሚኒስትሩ አማካሪ ከወንበራቸው ጎን ተንሸራተው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የወጡት ይባላል። ቃለ ጉባኤ ያዡ ደግሞ ሰማሁ ብሎ አልጻፈም፤ ሄዶ አስደግሞ ነው የጻፈው።

ጆሮ ቤቱ የገባው ቢያንስ አንድ ነገር ተስፋ አድርጎ ነው። ሚስቱ በሩን ስትከፍት ዓይኗ ቀልቷል።

«አንጀቴን በላው» አለች።

«ምኑ?»

«ድምፁ ተሰበረ እኮ። ለእኛ ብሎ። ያ የሚያህል ሰውዬ።»

«አላለቀሰም። ድምፁ እንደዚያ ነው፤ ሲወለድም እንደዚያ ነው።»

«አንተ ሰው ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለህ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እስከ ዛሬ ወፍራሙን ድምፅ ነበር የወደደችው፤ አሁን ቀጭኑንም ጨመረችበት። ለጆሮ የቀረው ማዞሪያ አልነበረም።

አውቶቡሱ መጣ። ከአውቶቡሱ ጋር ወሬውም መጣ። የካሜራ ባለሙያው ያየውን ካፌ ውስጥ ተናገረ፤ ደግ ልጅ ነውና አንድ ሰው ያለ ምክንያት ማዞሪያ ይነካል ብሎ ማመን ስላልቻለ «ለሚስቱ ብሎ ነው» የሚለውን ከራሱ ጨመረበት። ወሬው ትኬት ቆርጦ ዳገቱን ወጣ፤ ሱቁ ገባ። እዚያ አብራት የምትሠራው የልብስ ቁልፍ ተካይ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «እትዬ፣ ባልሽን እንዲህ አላውቀውም ነበር» ብላ ከሥሩ ነገረቻት።

በዚያ ምሽት ሚስቱ እግሯ ሳያብጥ ገባች። ቴሌቪዥኑ ላይ ወስፌው ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። አጠፋችው። ጆሮ ተበላሽቶ መስሎት ሊነካካው ተነሣ።

«ተቀመጥ» አለችው፤ መጥታም ጎኑ ተቀመጠች። «ሰው የሚያወራው እውነት ነው?»

«ምን ይላሉ?»

ነገረችው። በወሬዋ ውስጥ ያለው ሰውዬ እግሯን እያየ ውስጥ ውስጡን ሲቃጠል የኖረ ነው። ስትስቅበት ያልተቀየመ፣ ሌላ ወንድ ስታደንቅ ያልከፋው፣ ድምፅ የማወፈርና የማቅጠን ችሎታውን ቀን ጠብቆ ለእሷ ያዋለ፣ ሠርቶም ዝም ያለ። ስትናገር ዓይኗ ጆሮ ላይ አልነበረም፤ ከትከሻው በላይ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ወስፌው ሲናገር ቴሌቪዥኑን የምታይበት ያ ዓይን። ድምፅዋ ለሰለሰ። ጆሮ በትዳሩ ዘመን ሁሉ እንዲህ ተብሎ ተወርቶለት አያውቅም፤ አንገቱን አንዴ ዝቅ ቢያደርግ ነገሩ ያበቃል።

ስለዚያ ሰውዬ ደጋግማ ስትናገር ግን ጆሮ በሰውዬው ቀና። ማነው እሱ? ወስፌው እንኳ ስብሰባ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሄኛው የወሬ ሰውዬ ግን የት ሊሄድ ነው? በእሱ ነጠላ ጫማ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ፣ በእሱ ወንበር ሲቀመጥ፣ ገበታ ላይ «ያኔ እኮ እንዲህ አልነበርክም» እየተባለ ሲነጻጸርበት ሊኖር ነው።

«ንገረኝ እንጂ» አለች ሚስቱ፣ እጁን ይዛ። «ለእኔ ብለህ ነው አይደል?»

«ውሸት ነው» አለ ጆሮ። «ለአንቺ ብዬ አይደለም። ስለ እግርሽም አላሰብኩም። እንዲስቁበት ፈልጌ ነው። አውቶቡሱ እንደሚመለስ ባውቅ ኖሮ ማዞሪያዋን አልነካትም ነበር።»