ሦስት እጥፍ

በፈረንጆች ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነው፤ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። በአገሬ የታሰርኩት በአፌ ነው፤ ገበያ መሀል ቆሜ የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆንኩ ተናግሬ። አሜሪካ የታሰርኩት በእግሬ ነው፤ ድንበር ላይ ሄጄ ጥገኝነት ስጡኝ ብዬ። ወገቤን በሰንሰለት አስረው አውሮራ ከተማ፣ የስደተኞች እስር ቤት አመጡኝ። ክፍሉ ንጹሕ ነበር። የአገሬ እስር ቤት ሰው ሰው ይሸታል፤ ይሄኛው የሚሸተው በረኪና ብቻ ነው። የብረት አልጋ ሰጡኝ፤ አንድ ፎጣም ሰጡኝ።

ልጄ የምትኖረው እዚያው አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ነው። በመኪና ቅርብ ናት። እኔ ግን እንዳትመጪ አልኳት። የልጅ ልጄ እዚህ የተወለደች ናት፤ መልኳን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ የምታየኝ በእስረኛ ልብስ እንዲሆን አልፈለግኩም። "ስፈታ ታየኛለች" አልኩ። ልጄ አለቀሰች። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

እንግዲህ የነበረን ስልክ ብቻ ነው። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ እርስዎ የሚባለው ነገር አልደረሳትም። "አባባ፣ በላህ?" ትለኛለች። ያችን "በላህ" ለመስማት ቀኑን ሙሉ እጠብቅ ነበር።

አንተ የሚለኝ ሌላም ሰው ነበር። በክፍላችን ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ አገር ቤት የሂሳብ አስተማሪ የነበረ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን። እንግሊዝኛ ይችላል። ጠባቂው ያለኝን የሚነግረኝ እሱ፣ እኔ የምለውን የሚነግርልኝም እሱ። መጀመሪያ ቀን ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ ሁሉን አጫወትኩት። አገር ቤት ሃያ ሆነን በአንድ ክፍል እንደታሰርን፣ በክረምቱ ሁለት ሰው እንደሞተብን፣ ከሁለቱ አንዱ ታናሽ ወንድሜ እንደነበረ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ብድግ አለና "ሽማግሌው፣ ጥያቄ!" አለኝ። "በአንድ ክፍል ሃያ ሰው ታስሮ ሁለት ከሞተ፣ ሠላሳ ቢታሰር ስንት ይሞታል?" ለሌሎቹም በእንግሊዝኛ ደገመላቸው።

"ሦስት!" አለ ራሱ። "ወደር ይባላል። ስድስተኛ ክፍል ነው የምናስተምረው።"

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አቀርቅሮ ሳህኑን አየ። ምሳዬን አልጨረስኩም። ከዚያ ወዲያ ካልቸገረኝ በቀር አላናግረውም ብዬ ነበር።

ቸገረኝ። ልጅቷ በስልክ "አባባ፣ ሆምዎርክ አለኝ" አለች። "ማት ነው። ነገ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ የምሠራው እኔ ነኝ።"

"ንገሪኝ እስቲ።"

"ሦስት ባልዲ ነጭ ቀለም ከአምስት ባልዲ ብሉ ጋር ይቀላቀላል። ነጩ ናይን ባልዲ ቢሆን ብሉው ስንት ነው? ፊፍቲን መሰለኝ፤ ግን ሹር አይደለሁም።"

አያቴ ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ሂሳብ ተምሬ አላውቅም፤ ግን አላውቅም የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። "ቆይ፤ መልሼ ልደውልልሽ" አልኩና ቂሜን ውጬ ወደ ሰውየው ሄጄ ጥያቄውን ነገርኩት።

"ደሞ አንተ ወደር ምን ሊያደርግልህ?" አለኝ።

"ለልጅ ልጄ ነው።"

"እሺ። ነጩ ከሦስት ወደ ዘጠኝ ሄደ። ሦስት እጥፍ ሆነ። ሰማያዊውንም ሦስት እጥፍ ታደርገዋለህ። በቃ።"

"ሦስት እጥፍ ማለት ስንት ነው?"

ትከሻዬ ላይ ያለውን ፎጣ አየና ፈገግ አለ። "ያንን ሦስት ጊዜ እጠፈው።"

አጠፍኩት፤ ሁለት ድርብ ሆነ። ደግሜ አጠፍኩት፤ አራት ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ አጠፍኩና ጫፉን በጣቴ ቆጠርኩ። "ስምንት" አልኩ።

"እንዲያ ነው! ስምንት ጊዜ አምስትስ?"

ቆጥሬ ቆጥሬ "አርባ" አልኩት።

"ጎበዝ ተማሪ!" ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ለሌሎቹ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አላቸው፤ እየሳቁ አጨበጨቡልኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቄ ነው።

ደወልኩላት። "አርባ ነው" አልኳት።

"ፎርቲ? ሹር ነህ አባባ?"

"አስተማሪ ነው ያሳየኝ። የጻፍሽውን አጥፊው።"

"ኦኬ" አለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደወልኩ። "ፊፍቲን ነበር" አለችኝ። "ክላሱ ሳቀ። እኔ ደሞ አያቴ ነው ያለኝ ስላቸው ይበልጥ ሳቁ።" ከዚያ "ማሚን ልስጥህ?" አለችኝ።

ሰውየው ካርታ ሲጫወት አገኘሁት። "ለምን?" አልኩት።

"ምን ለምን? ሦስት እጥፍ አልኩህ፤ ሦስት እጥፍ ሦስት ነው። አማርኛም አታውቅም እንዴ?"

"ሦስት ጊዜ እጠፈው ያልከኝ አንተ ነህ። ስምንት ስልህ እንዲያ ነው አልከኝ።"

"አርባ ባልዲ!" ብሎ ካርታውን ጥሎ ሳቀ። ለጓደኞቹ ነገራቸው። ራት ሳይቀርብ ስሜ "ፎርቲ" ሆነ።

ለምን እንዳደረገው አላውቅም። ጠላቴ አልነበረም። እሱም በአገሩ ተገርፏል፤ ሻወር ቤት ጀርባውን አይቻለሁ። የተገረፈ ሰው ሁሉ ለሰው ያዝናል የሚል ካለ፣ ታስሮ አያውቅም።

ዛሬ ቻምበርስ ሮድ፣ ልጄ ቤት ነኝ። ልጅቷ ኮሌጅ ገብታለች። ልብስ አጥበን ስናጥፍ "አባባ፣ ስንት እጥፍ?" እያለች ትስቅብኛለች፤ የሷ ሳቅ አይቆጠቁጥም። አሁንም አንተ ነው የምትለኝ። እናቷ ልታርማት ስትነሣ "ተያት" እላለሁ። ያንን ሰው የት እንዳደረሱት አልሰማሁም።

ያኔ፣ ፎርቲ ባለኝ ማግስት ጠዋት፣ ሰውየው ቁርስ ላይ "ፎርቲ፣ እንዴት አደርክ?" ብሎ ጠራኝ። ፎጣዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የግራውን ጫፍ ወደ መሀል አመጣሁ፤ የቀኙን በላዩ ደረብኩ። ሳህኑ አጠገብ አስጠጋሁለት።

"ሦስት ድርብ" አልኩ። "አሥራ አምስት። እርስዎም ይቁጠሩት፣ መምህር።"

እርስዎ ስለው ለሌሎቹ አልተረጎመላቸውም፤ ከጠረጴዛው የሳቀ የለም። እሱም አልቆጠረም። ፎጣዬን አንሥቼ ወደ ስልኩ ሄድኩ። ልጄን ለሥራ ልትወጣ ስትል ደረስኩባት።

"ልጅቷን አምጫት" አልኳት። "በዚሁ ልብስ ትየኝ። ልክ የነበረችው እሷ እንደሆነች ፊት ለፊት ነው የምነግራት።"