አፈር ስሆን

«የሞተ ተጎዳ» ይባላል። ጎረቤቴን እትዬ ዓባይነሽን ያላየ ይበል።

እትዬ ዓባይነሽ ማር ነጋዴ ናቸው። ከማንኪራ የጫካ ማር አምጥተው ቦንጋ ገበያ ይሸጣሉ፤ ሲከራከሩ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ ይሰማ ነበር። አምና ያ ድምፅ ሻከረ። ቀጥሎ መዋጥ ያማቸው ጀመር፤ አንዳች ነገር ጉሮሯቸው ላይ የተሰነቀረ ይመስላቸዋል። ሲውጡ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሁሉ ይሰማል። እሳቸው ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

በመስቀል ምሳ ላይ ታናሽ እህታቸው አልጋነሽ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «አፈር ስሆን» አለቻቸው። አንገታቸውን አዙረው እምቢ አሉ። ሁላችንም ኩራት መሰለን። አልጋነሽ እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ቆየችና ጉርሻውን ራሷ በላችው። ሳምንት ሳይሞላ ከሺሺንዳ ስትመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ እህል በቀረበ ቁጥር አልጋነሽ እጇን ዘርግታ ፊታቸው ትቆማለች። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። በአጥሚት ብቻ ቀሩ። ሰፈሩ ደግሞ የአልጋነሽ ጉርሻ ነው የተሰነቀረባቸው ብሎ አወራ። ያልጎረሱት ጉርሻ እንዴት ይሰነቀራል ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ።

የአልጋነሽ ልጅ ማርቲ አክስቷን ጅማ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ጉሮሯቸውን በቀጭን ካሜራ አየና ጣቶቻቸው ጠዋት ጠዋት ይደርቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። ይደርቃሉ። የድምፅ ሳጥንም መገጣጠሚያ አለው፤ የጣትዎን አንጓ ያሳበጠው ሕመም እዚያም ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም እንጂ መድኃኒት አለው አላቸው። ኪኒኑን ወሰዱ፣ እብጠቱም ጎደለ፤ ሐኪሙ አሁን ይብሉ አለ። አልበሉም። ቀሚሳቸው እላያቸው ላይ ሰፋ። ማርቲ እናቷን ቀብራ አክስቷንም ልትቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

ትናንት ምሳ ሰዓት እነሱ ቤት ነበርኩ። ማርቲ ቆጮ በጎመን ጠቅልላ ወደ አፋቸው አቀረበች። አንገታቸውን አዞሩ። ልጅቱ ልክ እንደ እናቷ እጇን ሳታጥፍ ቆየች።

«አፈር ስሆን፣ አክስቴ» አለች።

እትዬ ዓባይነሽ በርግገው አፏን በመዳፋቸው ከደኑት። ከዚያ የራሳቸውን አፍ ከፈቱ። ብዙ አኘኩ። «ቀጭ» ሲል ሰማሁ። እንባቸው እየወረደ፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው፣

«አትሁኚ» አሏት።