ወይንሸት ሳትቀመጥ የማይቀመጡት ጄኔራል

በልጅነታችን የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ጄኔራል ማለት ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጎራዴውን ወደ ሰማይ የቀሰረ ሰው ነበር። ጄኔራል ግሌብ ሳቬልዬቪች ግን በዕድሜያቸው ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ እግረኛ ጦር ናቸው። ዛሬ የሚኖሩት አሜሪካ አገር ኦክላንድ፣ ከሜሪት ሐይቅ ፈንጠር ብሎ በሚገኝ የአረጋውያን ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘጠናን ተሻግረዋል።

የተወለዱት ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። ታላቁ ጦርነት ሲያበቃ ገና ልጅ ስለነበሩ ሳይዋጉ ቀሩ፤ ይህም ጎረምሳ ሆነው ሳሉ እጅግ ያናድዳቸው ነበር። ፂም እንዳበቀሉ የእግረኛ መኮንኖች ትምህርት ቤት ገቡ። በምሥራቅ ጀርመን መቶ አለቃ፣ በሳይቤሪያ ሻለቃ፣ በቻይና ድንበር ኮሎኔል ሆኑ። ጠላት የተባለውን ሁሉ በመነጽር ካልሆነ በቀር አላዩትም። የእሳቸው ጠላት የወታደር እግር ቁስል ነበር። ሌላው አዛዥ ካርታ ዘርግቶ ሲራቀቅ፣ እሳቸው ሰልፈኛውን ጫማ እያስወለቁ ጣት በጣት ይመረምራሉ። ወታደሩም በሌሉበት «አባ ተረከዝ» ይላቸው ነበር አሉ። በመጨረሻ የጄኔራልነት ማዕረግ ደረሳቸው፤ የማዕረጉ ምልክት ትከሻቸውን ገና ሳይለምደው አገራቸው ሶቪየት ኅብረት ፈረሰችና ጡረታ ወጡ።

ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ኢሪና ወደ አሜሪካ አመጣቻቸው። ኢሪና ሳንታ ክላራ የምትሠራ ኢንጂነር ናት፤ ሳን ሆዜ ያለው ቤቷ ደረጃው ብዙ ስለሆነ አባቷን ኦክላንድ አስቀመጠቻቸው። የሚንከባከቧቸው ሴቶች ግን አልበረክት አሉ። ጄኔራሉ አይሳደቡም፣ አይጮሁም፤ ዝም ብለው ያያሉ። እሱ ይብሳል።

ወይንሸት የመጣችው እንግዲህ ከእነዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በዲቪ የገባች የጉለሌ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ቀን ኢሪና ሶፋው ላይ አስቀምጣ ሥራውን ስታስረዳት፣ ጄኔራሉ የብረት መደገፊያቸውን እየገፉ ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ። ወይንሸት እንዳሳደጓት «ኖር!» ብላ ብድግ አለች። «በእግዜር፣ በይ ተቀመጪ» እስኪሏት ትጠብቃለች። ጄኔራሉ ምን ያውቃሉ? እሳቸው ያደጉት ሴት ቆማ የሚቀመጥ መኮንን ማዕረጉን በገዛ እጁ ይግፈፍ በሚባልበት ነው። መደገፊያውን ጨብጠው ቀጥ አሉ። እሷ ሽማግሌ ቆመው አልቀመጥም አለች፤ እሳቸው ሴት ቆማ አልቀመጥም አሉ።

ኢሪና ስልክ አነጋግራ ስትመለስ ሁለቱም እንደቆሙ ናቸው።

«ምን ሆናችኋል?» አለች።

«ምንም» አለች ወይንሸት።

«ምንም» አሉ ጄኔራሉ በሩሲያኛ።

በኋላ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ዘፍ አሉ፤ እሷም ተቀመጠች። ሻይ ላምጣ ብላ ስትነሳ ግን እንደገና ተነሡ። ሻዩን ይዛ ስትገባም ተነሡ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነ፤ ወሩም እንዲህ አለፈ።

አሁን ነገሩን እዩት። አብኔር የሚባል በርክሌ የተወለደ የሐበሻ ልጅ፣ ፊዚካል ቴራፒስት ነው፤ ለጉልበታቸው ብሎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አዞላቸው ነበር። ጄኔራሉ በልጃቸው አስተርጓሚነት «ልጁ ማዕረጉ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው፣ ማዕረግ እንደሌለው ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩበት። ለመልመጃ ትቶላቸው የሄደው የጎማ ገመድ መጋረጃ ማሰሪያ ሆነ። ከወይንሸት መምጣት ወዲህ ግን ጉንጫቸው ቀላ፣ ያለ መደገፊያ እስከ ወጥ ቤት መሄድ ጀመሩ። አብኔር በጣም ተደሰተ፤ የጎማው ገመድ ውጤት መስሎት።

ይህን የመሰለ ኑሮ ያፈረሰው የወይንሸት ጎረቤት ጋሽ ሳህሉ ነው። ጋሽ ሳህሉ በወጣትነቱ ኪየቭ እርሻ አጥንቶ፣ እዚህ መጥቶ በኦክላንድ ወደብ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ በትራክ ማለቴ ነው። አንድ ቀን የወይንሸት መኪና ጋራዥ ገብታ ሊወስዳት ሲመጣ፣ ሁለቱን ሳሎን መሐል ተገትረው አገኛቸው።

«አውቶቡስ ነው የምትጠብቁት?» አለ።

«እሳቸው ካልተቀመጡ እንዴት ልቀመጥ ጋሼ?»

ጄኔራሉን በሩሲያኛ ጠየቀ፤ ያው መልስ። ጋሽ ሳህሉ እስኪያስለው ሳቀና የሁለቱን አገር ወግ ለሁለቱም አስረዳ። ሩሲያኛው ስላልጠፋበት ኩራቱ ሌላ ነበር። ጄኔራሉም «ቤግዜር!» ማለት ተማሩ። ከዚያ ወዲያ ወይንሸት ስትገባ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ «ቤግዜር፣ ቬንያ!» ይሏታል፣ ወይንሸት ማለት አልሆንላቸው ብሎ፤ እሷም ትቀመጣለች። ካርታ ይጫወታሉ። ሰላም ሆነ።

ሰላሙ ግን ጉልበት በላ። አንድ ጠዋት ጄኔራሉ ልነሳ ብለው ሞከሩ፤ አልሆነም። ሰንበትበት ብለው ጭራሽ መሞከሩንም ተዉት። ኢሪና ከሳን ሆዜ እየበረረች መጣች።

«በሚቀጥለው ሳምንት አብኔር መጥቶ ይፈትነዋል» አለቻት ወይንሸትን። «ያለ ረዳት ተነስቶ በሩ ድረስ ካልሄደ የአቅመ ደካሞች መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ይገባል። ክፍል ይዣለሁ።»

ለአባቷም በሩሲያኛ ደገመችላቸው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ አሉ፤ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ወይንሸት መንገድ ላይ ቆማ ጋሽ ሳህሉ ጋ ደወለች። «ጋሼ፣ ያበላሹት እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«አስረዱን! ማን አስረዱን አለዎት? ድሮ በቀን ስንቴ ይነሱ ነበር፤ አሁን ‹ቤግዜር› ብለው ቁጭ! ሊወስዱብኝ ነው እኮ።»

«እና አሁን ልዋሻቸው?»

«አይዋሹ። እውነቱን ይንገሯቸው። ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

መጥቶ ነገራቸው።  የጄኔራሉ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወይንሸት የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር።

«ምን አሉ?»

«‹ማርሻሎች ሊያሠለጥኑኝ ሞክረው አቅቷቸዋል፤ ይህች ሴት ግን ሳላውቀው ስታሠለጥነኝ ከርማለች› ነው የሚሉት።»

በማግሥቱ ወይንሸት ስትገባ ጄኔራሉ የክት ኮታቸውን ለብሰው ጠበቋት። ወንበሩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ ትቀመጥ ዘንድ አዘዟት። ከዚያ «ኖር!» ብለው ጮኹ። እሷ ብድግ አለች። እሳቸው ግማሽ ድረስ ተነስተው ተመልሰው ወንበሩ ላይ ወደቁ።

«ኖር!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ አባባ!» ብትልም ሰሚ የለም። አብራቸው ተነሳች፣ አብራቸው ተቀመጠች። ጭኗ አብጦ ሥራ የገባችው እሷ ነች። ለጓደኞቿ «ጂም ገብቻለሁ» ብላ ነገረቻቸው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ኢሪና ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። አብኔር በትሕትና መጣ፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ መናገር አይደፍርም።

«አንቲ፣ ፕሊስ፣ ዩ ሲት። ዶንት ሄልፕ።»

«እጄንም አላነሳ?»

«ኖ፣ አንቲ።»

ወይንሸት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ቀብራ ተቀመጠች። የሚነሳላቸው ሰው የለም፤ የቆመች ሴትም የለች። ጄኔራሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሳቸው ብቻ ሊነሡ ነው። አንዴ ሞከሩ፤ ተመለሱ። ደግመው ሞከሩ፤ ተመለሱ። ኢሪና ዓይኗን ጨፈነች። በሦስተኛው የወንበሩን ክንድ ለቀቁ፣ ወገባቸውን ቀና አደረጉ፣ ቆሙ። አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ በሩ ዘንድ ደረሱ።

«ግሬት ጆብ!» አለ አብኔር። «ዳትስ ኢናፍ።»

ጄኔራሉ በሩን ከፈቱ።

«ሰር? ሰር!»

ኮሪደሩን ይዘው ሄዱ። የሊፍቱን ቁልፍ ተጫኑ። ቁም የሚላቸው ሰው ማዕረግ አልነበረውም። ወይንሸት ባርኔጣቸውን፣ አብኔር መደገፊያውን፣ ኢሪና ቦርሳዋን ይዘው ተከተሉ። መኪናው ውስጥ ውጤት ሲጠብቅ የነበረው ጋሽ ሳህሉም ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ከሰልፉ ኋላ ተቀላቀለ። ሁሉም አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ወንበር ድረስ ሄዱ። ጄኔራሉ እዚያ ተቀመጡ፣ ተነፈሱ፣ ፀሐዩን ተቀበሉ።

የኢሪና ስልክ ጠራ። የነርሲንግ ሆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ አባትሽ መቼ ይመጣሉ ይላሉ።

«አይመጣም» አለች። ጥቂት አዳመጠች። «አይ፣ አይ፣ አልሞተም። ወጣ ብሎ ነው።»